አራተኛው ዙር

እኔ ጉላንዶም ሰባት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሴን በር። ወርቅ አላማረኝም፣ ሞስኮን ማየትም አላማረኝም። ከውስጥ የምቀረቅረው፣ ሲያንኳኩብኝ "ማነው?" የምልበት በር ነው ያማረኝ። ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ ሴቶች አሉ። አማታቸው ቀደም ብላ የሞተችላቸው ናቸው።

በአማቴ በቢቢ ሳነም ቤት በር አለ፣ የሚዘጋው ግን እሳቸው ሲፈልጉ ነው። የስኳሩ ቁምሳጥን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። ስልኬ ሲጮህ ከእኔ ቀድመው "ማነው?" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ባሌ ሳይፊዲን ከሩሲያ ሲደውል መጀመሪያ ለእናቱ፣ ቀጥሎ ለልጃችን ለሙኒሳ፣ ካርዱ ከተረፈ ለእኔ ነው። እናቴ ቤት ለመሄድ ሁለት ቀን ቀድሜ አስፈቅዳለሁ። "ሂጂ" ይሉኛል። ጫማዬን ሳጠልቅ ደግሞ "እንግዲህ አሮጊት ብቻዋን ሻይ ብታፈላ ምን ትሆናለች፣ ብትቃጠል ነው" ይላሉ። ያን ጊዜ ሄጄም አልሄድኩም።

እኛ በምንኖርበት በዘራፍሻን ወንዝ ዳር ወጉ የታወቀ ነው። ትልቁ ልጅ ሚስቱን ይዞ ይወጣል፣ ትንሹ ከወላጆቹ ጋር ይቀርና ቤቱንም እናቱንም ይረከባል። ሳይፊዲን ትልቁ ነው። ትንሹ ዳለር ሩሲያ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው፤ "ዘንድሮ መጥቼ አገባለሁ" እያለ አምስት ዘንድሮ አለፈ። እዚያ ሚስት እንዳለችው ከቢቢ ሳነም በቀር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ምናልባት እሳቸውም ያውቁ ይሆናል።

እንግዲህ እኛ ስንወጣ ከእሳቸው ጋር ማን ይቀራል? ያኔ ይህን አልጠየቅኩም። ብጠየቅም መልሴ "የራሳቸው ጉዳይ" ነበር። ክፉ ሴት አይደለሁም፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ጎህ ሳይቀድ ግቢ የጠረገች ሴት ስለ ሌላ ሰው ብቸኝነት የምታስብበት ጊዜ የላትም።

ከቦዩ ማዶ ቦታ ካገኘን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሳይፊዲን ከቀኑ ቀድሞ ወደ ሥራ ተጠራና ቀረ። በሁለተኛው ልክ ጭቃው ሊረገጥ ሲል ቢቢ ሳነም ታመሙ። ሳይፊዲን አውቶቡስ በተሳፈረ በማግስቱ ግን ተነስተው ዱባ ተከሉ። እሱ ቤት የሚሰነብተው በበረዶው ወራት ነው፤ በበረዶ ደግሞ ጭቃ አይሠራም። ጸደይ ገብቶ እሱ እስኪሄድ ያለችው ወር ተኩል ብቻ ናት የእኛ። ባለቤቱ በሌለበት ደቦ አይጠራም። ባሏ በሌለበት ሃያ ወንድ ሰብስባ ጭቃ የምታስረግጥ ሴት ምን እንደምትባል እናንተው ገምቱት።

ዘንድሮ ግን ተጀመረ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የዚህን ሸለቆ ግማሽ ቤት ያቆመ የግድግዳ ኡስቶ፣ የግንባታ ጌታ፣ ነበር። በእግሬ መሄድ ከመጀመሬ በፊት ጭቃ ረግጬአለሁ ብል ብዙም አልዋሸሁ። አፈሩን ከቦዩ ዳር ቆፈርን፣ ውሃ ለቀቅንበት፣ ጭድ ነሰነስንበት፣ አሳደርነው። ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፣ ካላደረ አይታዘዝም። በማግስቱ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስረግጥ ሳይፊዲን ከዳር ሆኖ ይስቅብኛል።

"ኧረ ቀስ! ጭቃውን ነው የምትረግጪው ወይስ እናቴን?"

"አንተ ዝም ብለህ ጭድ አምጣ፣ የሙኒሳ አባት" አልኩት፤ ሳቄ ግን አመለጠኝ።

የእኛ ግድግዳ ጡብ የለበትም፣ በዙር ነው የሚወጣው። ወንዶቹ ጭቃውን በአካፋ እየዛቁ ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ ኡስቶው ግድግዳው ላይ ቆሞ እየተቀበለ ይደለድላል፣ በእግሩ ይጠቀጥቃል፣ ጎኑን በአካፋው ስለት ይላጨዋል። አንድ ዙር ወገብ ያህል ነው። አራት ዙር ከወጣና የጣሪያው ግንድ ከተጋደመበት ቤት ነው። ዋናው ሥራ ግን መጠበቅ ነው። የታችኛው ዙር እስከ ልቡ ሳይደርቅ የላይኛው አይጫንም። ሁላችንም የምንፈራው ነገር አለ፤ ጣሪያ ሳይለብስ የወደቀ ግድግዳ ያለበት ቦታ ላይ ሁለተኛ ቤት አይሠራም። "መሬቱ እምቢ ብሏል" ይባላል፤ ደቦ ብትጠራ አንድ ሰው አካፋ ይዞ አይመጣልህም።

ሁለት ዙር በሰላም ወጣ። ሦስተኛው በወጣ በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣና አራት ቀን ሙሉ አላባራም። ግድግዳውን በላስቲክ ሸፈንነው፣ ነፋሱ ገለጠው፤ እኔ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ እየጫንኩ አለቀስኩ። ከዚያ ፀሐይ ወጣች፣ ግድግዳው ነጣ፣ ያየው ሁሉ ደርቋል አለ። ሳይፊዲን ሊሄድ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ለእሑድ ደቦ ተጠራ።

እሑድ ጠዋት ሃያ ሁለት ወንዶች አካፋቸውን ተሸክመው መጡ። ለደቦው ምግብ ለኦሹ ካሮቱ ተከትፏል፣ ሩዙ ታጥቧል፣ ሥጋው በትልቁ ድስት እየተንጫጫ ነው። ደቦ ተጠርቶ የመጣን ሰው "ተመለስ" ማለት በእኛ ዘንድ ለቀስተኛን ከደጅ እንደመመለስ ነው። ማንም አያደርገውም።

ግድግዳውን የሚያወጡልን ኡስቶ ሙሮድ ነበሩ፤ የአባቴ ተማሪ፣ አሁን ሰባ ያለፋቸው። ከመታጠቂያቸው ቀጭን ረጅም ብረት መዘዙ። የግድግዳ ልብ የሚታወቀው በዚህ ብረት ነው። እስከ መሃሉ ይወጉታል፣ ጥቂት ያቆዩታል፣ መዝዘው ከንፈራቸው ላይ ያደርጉታል። ለብ ካለ ደርቋል። ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውሃ ነው፣ የላዩ መንጣት ማታለያ ነው። ችግሩ ኡስቶ ሙሮድ ናስ የሚባለውን አረንጓዴ ትንባሆ አርባ ዓመት ከንፈራቸው ሥር ሲደፍኑ ኖረው ከንፈራቸው ሞቷል። ትኩስ ሻይና በረዶ አይለዩም።

"ነይ እስቲ፣ የኡስቶ ልጅ" ብለው ጠሩኝ። "የእኔ ከንፈር ለናስ ካልሆነ ለምንም አይረባ። ያንቺ የአባትሽ ነው።"

"ለባሏስ ምን ተረፈው?" አሉ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ፤ ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳይፊዲን እንደ ካሮት ቀላ።

ብረቱን ወጋሁ። እየጠበቅኩ ቀና ስል ቢቢ ሳነም ድስቱ አጠገብ ጭልፋቸውን ይዘው ያዩኛል። ብረቱን መዘዝኩና ከንፈሬ ላይ አደረግኩት።

ቀዘቀዘኝ። የቦይ ውሃ የነካኝ ያህል ቀዘቀዘኝ።

ሰው "አላወቅኩም ነበር" ሲል ስሰማ እቀናበታለሁ። እኔ አውቅ ነበር። ብረቱን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩና ሃያ ሁለቱን ወንዶች አየሁ፣ ሳይፊዲንን አየሁ፣ ከቦዩ ወዲያ የአማቴን ጣሪያ አየሁ። ሌላ አንድ ዓመት። ያንን ግቢ ሌላ ሦስት መቶ ስድሳ ጠዋት መጥረግ። ፀሐዩ ያደርቀዋል አልኩ፣ ዘንድሮ ሙቀቱ ይበረታል አልኩ፣ አባቴም ሲበዛ ጠንቃቃ ነበር አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው።

"ደርቋል" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ ኡስቶ ሙሮድ።

"ደርቋል አልኩ እኮ ኡስቶ! ሰው ቆሞ እየጠበቀ አይደል?"

"በቃ፣ በቢስሚላህ!" ብለው ግድግዳው ላይ ወጡ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

አራተኛው ዙር ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ወንዶቹ ቦዩ ውስጥ ታጥበው ለኦሹ ተቀመጡ። ቢቢ ሳነም ለሁሉም እያወጡ ሰጡ፣ እሳቸው ግን አልቀመሱም።

"ይብሉ እንጂ ቢቢ፣ የልጅዎ ቤት እኮ ነው የቆመው" አሏቸው ኡስቶ ሙሮድ።

"ጠግቤያለሁ። ልጇ ጓዙን ሲጠቀልል ያየች እናት በምን ሆዷ ትበላለች?"

ይኸው ጀመሩ አልኩ በሆዴ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሙኒሳን ይዤ አራቱ ግድግዳዎች መካከል ገባሁ። ሰማዩ ከላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፣ ግድግዳው እርጥብ ጭድ ይሸታል። በሩ የሚቆምበት ክፍተት ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሙኒሳ ከውጭ በትንሽ ጡጫዋ አየሩን አንኳኳች።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ!"

"እኔ ማን?"

"እኔ ነኝ እኮ እማዬ!" አለችና ሮጣ ገብታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያች ቅጽበት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፤ ከንፈሬ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቢቢ ሳነም አንድ እንግዳ ነገር አመጡ። ጠዋት ጠዋት ቦዩን ተሻግረው፣ ባልዲ ደፍተው፣ ግድግዳው ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። ሻይ አይጠጡ፣ ሹራብ አይሠሩ፣ ዝም ብለው ያዩታል። ሰኞ እንዲህ፣ ማክሰኞ እንዲህ።

"ቢቢ፣ ፀሐዩ ይመታዎታል፤ ቤት ይግቡ" አልኳቸው።

"ቤት እኮ ነው የማየው። ዓይን አይፈቀድም እንዴ?"

ቤቴን በዓይናቸው ሊያፈርሱት ነው ብዬ ተናደድኩ።

ረቡዕ ሳይፊዲን የጣሪያ ግንድ ሊገዛ ከተማ ሄደ። እኔ ቦዩ ዳር ልብስ አጥባለሁ፣ ሙኒሳ የጎረቤት ጫጩት ታባርራለች፣ ቢቢ ሳነም ባልዲያቸው ላይ ናቸው። ጫጩቷ በበሩ ክፍተት ሮጣ ገባች፤ ሙኒሳም ተከትላት ገባች።

ያን ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም። በደንብ አስታውሳለሁ፤ አንዳች ድምፅ አልነበረም። ደረጃ ለመውረድ እጄን የሚይዙ፣ ጉልበቴ ጉልበቴ የሚሉ ሴት ግን ከባልዲው ተነስተው ሮጡ። ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆ ቀረ። እኔ ሳሙና እንደያዝኩ ቀና አልኩና "ደግሞ ምን ሊሆኑ ነው?" አልኩ። ሙኒሳ እንደ ጨርቅ ጥቅል በክፍተቱ ተወርውራ ስትወጣ አየሁ። ከዚያ ሦስተኛው ዙር ሆዱን ነፋ፣ አራተኛው ተንሸራተተ፣ የደቡቡ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተኛ። ድምፁ ጆንያ ከአህያ ጀርባ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር፣ ከዚያ አይበልጥም።

በእጄ ቆፈርኩ። ጎረቤት እስኪደርስ በእጄ ቆፈርኩ። ከላይ ደረቅ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ጣቴን የሚውጥ ጭቃ። አፋቸውን አጸዳሁላቸው፣ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ልጅቷስ?" አሉ።

"ደህና ናት።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉና ራሳቸውን ሳቱ።

ወገባቸው ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ አይቆሙም አለ ሐኪሙ። ሳይፊዲን ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ወደ ሩሲያ ሄደ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጄን ያዘኝ።

"እናቴን አደራ። ከአንቺ ሌላ ማን አላት?"

"ቤቱስ?"

"የምን ቤት?" አለ። "መሬቱ እምቢ ብሏል፣ አልሰማሽም እንዴ?"

መንደሩ በዝናቡ ፈረደ። ኡስቶ ሙሮድ በየሰርጉ በየለቅሶው "ዝናቡ ነው፤ የኡስቶ ልጅ ከንፈር አይሳሳትም" እያሉ ይሟገቱልኛል። በሰማሁ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

አሁን ጎህ ሳይቀድ ግቢውን ጠርጌ ስጨርስ ቢቢ ሳነምን አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ የስኳሩን ቁምሳጥን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው ሰጡኝ። የቤቱን ቁልፍም ሰጡኝ። ሁሉም በር የእኔ ሆነ፣ ግን አንዱንም መዝጋት አልችልም፤ ሲጠሩኝ መስማት አለብኝና። እናቴ ቤት ከሄድኩ አምስት ወሬ ነው። የመንደሩ አማቶች ምራቶቻቸውን ሲቆጡ "እስቲ ጉላንዶምን እዪ!" ይላሉ አሉ። ምራቶቹ ምን ያህል እንደሚጠሉኝ እኔ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ እችለው ነበር። ያን ቀን ጥያቄውን ባልጠይቅ ኖሮ።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ነው፣ እኩለ ቀን፤ ሳይፊዲን ገና ከሩሲያ አልተመለሰም። ሙኒሳ ውጪ ትጫወታለች። ሾርባ እያጎረስኳቸው ሳለ ወራት ሲያሳክከኝ የከረመው ነገር ከአፌ ወጣ።

"ቢቢ፣ ያን ቀን ግድግዳው ገና ሳይንቀሳቀስ ነው የሮጡት። በምን አወቁ?"

ማንኪያውን በእጃቸው ገፉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጀመሩ።

"ቅዳሜ፣ እናንተ ካሮት ስትከትፉ፣ የሹራብ መርፌዬን ይዤ ቦዩን ተሻገርኩ። ይህንን ቤት ስንሠራ አባትሽ ነበሩ ያስተማሩኝ። ወጋሁት። ከንፈሬን ቀዘቀዘኝ።"

ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩት።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ብናገር ታቆዩታላችሁ። የዘንድሮው ቢያልፍ በሚመጣው ዓመት ደርቆ ይሠራል፣ ትሄዳላችሁ። ከወደቀ ግን መሬቱ እምቢ አለ ይባላል፣ ማንም አይሠራላችሁም። ዳለር እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ ልጄ። ሞኝ አይደለሁም። ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ሰው በሌለበት ሰዓት ይወድቃል ብዬ ነው። ባልዲ ላይ ተቀምጬ የጠበቅኩትም ሰው እንዳይገባበት ብዬ ነው።"

"ቢቢ..."

"አታቋርጪኝ፣ ዛሬ ካልተናገርኩት አልናገረውም። እሑድ ጠዋት አንቺ ብረቱን ስትወጊ ልቤ ቆመ። የኡስቶ ልጅ ናት፣ ታውቃለች፣ አለቀልኝ አልኩ። 'ደርቋል' አልሽ። ሰው ነሽ፣ ሳትሽ። አንቺ በንጹሕ ልብሽ ሳትሽ፣ እኔ ግን እያወቅኩ ጭልፋዬን ይዤ ቆምኩ። ልጅሽን ልገድል ነበር።" ፊታቸውን መለሱልኝ። እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። "የፈለግሽውን አድርጊኝ። ትተሽኝ ብትሄጂም አልፈርድብሽም። ብቻ ይቅር በይኝ።"

እጄን ስበው ሳሙት። አማት የምራቷን እጅ ስትስም የት አገር ታይቷል?

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። "እኔም አውቅ ነበር" ማለት ሦስት ቃል ነው። ብናገር እኩል እንሆን ነበር። ሁለት ውሸታሞች በአንድ ክፍል ውስጥ፤ ምናልባት አብረን እንስቅም ነበር። ግን ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ሁሉ መጣብኝ። ስኳሩ፣ ስልኩ፣ ዱባው። አንዲት ጊዜ እንኳ ከእሳቸው በላይ ልሁን አልኩ። አንዲት ጊዜ ብቻ።

"ይቅር ብያለሁ፣ ቢቢ" አልኩ።

ያን ቀን ሾርባቸውን ጨርሰው ጠጡ። ከወደቁ ጀምሮ እንደዚያ እንቅልፍ ወስዷቸው አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ምራቴ ማለት ትተው ልጄ ይሉኛል። ለጠያቂው ሁሉ "እንደዚህች ልጅ ንጹሕ ሰው አላህ አልፈጠረም" ይላሉ። ሳይፊዲን ሲደውል ስልኩን መጀመሪያ እኔ እንዳነሳው ያደርጋሉ። በሆነ ባልሆነው ብቆጣቸው አንገታቸውን ደፍተው ይቀበሉኛል። አንዳንዴ ሆን ብዬ ሻዩን ቀዝቃዛ እሰጣቸዋለሁ፣ አንድ ቃል እንዲናገሩኝ ብዬ። አመስግነው ይጠጡታል።

አሁን ልናገር ብል አይሆንም። እውነቱን የምነግራቸው ያን የንጹሕ ሰው ይቅርታ ከእጃቸው ነጥቄ ነው፤ እሱ ደግሞ ያላቸው ብቸኛ ነገር ነው። ጥያቸው ልሂድ ብልም የማን ወገብ ነው የተሰበረው፣ በማን ቃል?

ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሳጥባቸው እጄን ይዘው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

"እውነት፣ ከልብሽ ይቅር ብለሽኛል?"

ዛሬም ጠየቁኝ። ብያለሁ አልኳቸውና ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።